ፍም የወደቀበት ምንጣፍ

የፋሲካ ሳምንት ነበር። ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቷል፤ አቦሉ ተጠጥቶ አልቋል። እናቴ ጀበናውን ለቶና መልሳ ልትጥድ ከሰሉን ቆስቆስ ስታደርገው አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፍም ከምድጃው ተፈናጥራ ምንጣፉ ላይ አረፈች። እማዬ ለዚህ ዓይነቱ ነገር አዲስ አይደለችም። ሳትደናገጥ በማንኪያ አፈፍ አድርጋ ፍሟን ወደ ምድጃው መለሰቻት። ሁላችንም «እፎይ» ብለን ወደ ጨዋታችን ተመለስን። የአሥራ አንድ ወር ልጄ ግን የምታበራዋን ነገር አይታት ነበር። እየዳኸች ሄዳ ፍሟ የነበረችበት ቦታ ላይ መዳፏን ጫነች።

ያቃጠላት ፍሙ አይደለም፤ ፍሙ ተነሥቷል። ያቃጠላት የቀለጠው ምንጣፍ ነው። እንደ ሙጫ ተዝለግልጎ መዳፏ ላይ ተለጠፈ፤ እጇን ስታነሣ ክር አብሯት ተሳበ። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቁስሉ ትንሽ ስለነበር ቶሎ ዳነ። ዛሬ መዳፏ መሃል ላይ ምስር የምታህል የነጣች ምልክት ብቻ ቀርታለች። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም ምንጣፉን መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ወለሉ ላይ የነበረውን የእናቴን ምንጣፍ ጠቅልዬ ዕቃ ቤት ያስገባሁትም እኔው ነኝ።

የእማዬ ምንጣፍ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ነው። መደቡ ቡናማ፣ ዳሩ ነጭ ሲሆን መሃሉ ላይ አንድ አንበሳ ቆሟል። ልጆች ሳለን ቁርሳችንን የምንበላው አንበሳው ጀርባ ላይ ተቀምጠን ነበር። ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሣም። ሰባት ጥቁር ነጥቦች አሉበት፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ፍም መውደቂያ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቡና ተፈልቶበት ሰባት ነጥብ፣ ያውም አንዱም ቀዳዳ ያልሆነ። እኔ ግን ፋሽኑ ያለፈበት መሰለኝ፤ ከአዲሱ ሶፋ ጋርም አልሄድልሽ አለኝ። የሚያብረቀርቅ ክሬም ምንጣፍ ገዝቼ በዚያ ተካሁት።

«የድሮው ቢሆን ልጅቷ ጥላሸት ነክታ ትመለስ ነበር» አለች እማዬ፤ ልትወቅሰኝ ሳይሆን እንዲያው በጨዋታ መሃል። እኔ ግን ነገሩ እውነት ይሁን የእናት ፍርድ ማወቅ ፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምንጣፍ ክር ያገኘሁትን ሳነብ፣ ሻጮችን ስጠይቅ፣ ከቤት የተረፉ ቁርጥራጮችን ስለበልብ ቆየሁ። እማዬ ትክክል ነበረች። ግን በሁሉም ነገር አይደለም።

እግራችን ሥር ያለው ምንድን ነው?

አያቶቻችን ቤት ወለሉ አፈር ነበር፤ በእበት ይለቀለቃል። ከላዩ አጎዛ፣ ቁርበት ወይም ሰሌን ይነጠፋል፤ ለበዓል ደግሞ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ሁሉም ከእንስሳ ወይም ከዕፅዋት የተገኙ ናቸው። ከዚያ ሊሾው መጣ፣ ጣውላው ተከተለ፣ አሁን ኮንዶሚኒየሙም ቪላውም ሴራሚክ ሆኗል። ሴራሚክ ለመወልወል ይመቻል፤ በሐምሌ ጠዋት ግን እግር ያደነዝዛል። የሚድህ ሕፃን ወይም ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ያለበት ቤት ምንጣፍ ሳይገዛ ክረምቱን አያልፍም።

ታዲያ ገበያ ስንወጣ የምናየው አብዛኛው ምንጣፍ በፋብሪካ ማሽን የተሠራ፣ ክሩም ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ነው። ስሙ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ መለያ ጨርቁ ላይ የሚጻፈው ፖሊፕሮፒሊን እህል የምንቋጥርበት፣ በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው ከረጢት የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ፖሊስተር ደግሞ «ሃይላንድ» ብለን የምንጠራው የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ነው፤ ያ ፀጉሩ ረጅም፣ ሲዳስሱት የሚለሰልሰው ምንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ናይሎን በፈረንጆቹ 1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ዋላስ ካሮዘርስ በሚባል ኬሚስት የተገኘ ክር ነው፤ ከሰው ሠራሾቹ ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። አክሪሊክ የሚባለው ሱፍን እንዲመስል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ሰው ሱፍ መስሎት ይገዛዋል።

በተፈጥሮው ወገን ቀዳሚው የበግ ፀጉር ነው። የተሠራው ከራሳችን ፀጉርና ጥፍር ጋር አንድ ከሆነ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ እሳቱም ብሉም ሽታውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥጥ፣ ቃጫ እና ጆንያ የሚሠራበት ጁት ደግሞ የዕፅዋት ክሮች ናቸው።

አንድ መሃል ላይ የሚዋልል አለ። ሻጮች «ሐር ነው» ወይም «የሐር ዓይነት ነው» የሚሉት የሚያንጸባርቅ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ቪስኮስ ነው። የእንጨት ሴሉሎስ በኬሚካል ሟሙቶ የተፈተለ ነው። ያምራል፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው ይደክማል፣ ይጨፈለቃል፣ ቢጫ ይሆናል። ልጅ ባለበት ቤት እንኳን ወተት ንጹሕ ውሃም ቢደፋበት ምልክቱ ይቀራል። እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አላነጥፈውም።

እሳት

ከሁሉ በፊት ይህን የማነሣው ቡና የምናፈላ ሰዎች ስለሆንን ነው። ፈረንጆቹ ምንጣፍ ሲያወዳድሩ ስለ ውሻና ስለ ወይን ጠጅ ይጽፋሉ፤ እኛ ደግሞ ሳሎናችን መሃል የተቀጣጠለ ከሰል ይዘን እንቀመጣለን።

ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ናይሎንና ፖሊስተር ትንሽ ይሻላሉ፤ እንደ ዓይነታቸው ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣሉ። ቀይ የሆነ ፍም ግን ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ፍም ሲወድቅባቸው ምርጫ የላቸውም፤ ወዲያው ይቀልጣሉ። የቀለጠ ፕላስቲክ ደግሞ ፍሙ ከተነሣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ቆዳ ሲያገኝ ይጣበቃል፤ ተጣብቆም ማቃጠሉን ይቀጥላል። ልጄን ያገኛት ይኸው ነው።

የበግ ፀጉር አይቀልጥም። እሳት ለመያዝም እስከ 570 እና 600 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። ሌላም ነገር አለ። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሱፍ ነበልባሉን ይዞ እንዲቀጥል ግን 25 በመቶ ያህል ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ ፍሙ ሲነሣለት እሳቱ አብሮ ይጠፋል። የሚተርፈው ጥቁር፣ በጣት ሲያሹት የሚደቅ ቅሪት ነው። የእማዬ ሰባት ነጥቦች ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሱፍ ጨርሶ አይቃጠልም ማለቴ አይደለም፤ ነበልባል እየለበለበው ከቆየ ይቃጠላል። ከአንዲት ፍም ጋር ሲገጥም ግን የሚያሸንፈው እሱ ነው።

«ተፈጥሯዊ ከሆነ ሁሉም እንዲሁ ነው» ብለው እንዳይሳሳቱ። ጥጥ፣ ጁትና ቃጫ አይቀልጡም፤ ነገር ግን ፍም ሲያገኛቸው ሳይነበልቡ ውስጥ ውስጡን እየጨሱ ሊሄዱ ይችላሉ። የጥጥ ፍራሽ ላይ ሲጋራ ጥሎ የተኛ ሰው ታሪክ ሰምተው ይሆናል። አክሪሊክ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ይቀልጣልም ይነዳልም። ሱፍ መስሎን የገዛነው ነገር በእሳት በኩል የሱፍ ተቃራኒ ሆኖ መገኘቱ ነው የሚያስቆጨው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቃጠሎ አንድ ነገር ልበል። የዚያን ዕለት አንዷ እንግዳ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ ማር አምጡ አሉ። እማዬ ሁለቱንም ተቆጥታ ልጅቷን የቧንቧ ውሃ ሥር ወሰደቻት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችን «ምን ቀባችሁት?» ብላ ነው። ምንም እንዳልቀባን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ። ቀዝቀዝ ያለ፣ ግን በረዶ ያልሆነ የሚወርድ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፤ የሌላው ሰውነቷ እንዳይበርደው መሸፈን፤ የተጣበቀውን ፕላስቲክ በጉልበት አለመላጥ፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መሄድ። ሳሙናው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ የቡና ዱቄቱ ሁሉ ሙቀቱን ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል፣ ሐኪሙም እንዳያየው ይጋርደዋል።

ወተት፣ ሽንትና ወጥ

እዚህ ላይ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል፤ እማዬም ብትሆን በዚህ አትከራከረኝም።

ፖሊፕሮፒሊን ውሃ አይጠጣም። ቀለሙም ብዙውን ጊዜ ክሩ ገና ሲሠራ አብሮ የተቀላቀለ እንጂ ኋላ የተነከረ አይደለም። ስለዚህ ቡና ቢደፋበት፣ ልጅ ቢሸናበት፣ ወተት ቢፈስበት በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ በማግስቱ ይነጠፋል። ጠላቱ ቅባት ነው። ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ክር በመሆኑ ዘይትን አጥብቆ ይይዛል፤ የዶሮ ወጥ ከፈሰሰበት ቀዩ ይለቅና የቅባቱ ጥላ ይቀራል፤ ያ ጥላ ደግሞ ቀስ በቀስ አቧራ እየሳበ ይጠቁራል። ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሶ ቅባቱን ካስመጠጡ በኋላ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማሸት ይረዳል።

ሱፍ ትንሽ ዕድል ይሰጣል። የፀጉሩ ገጽ ውሃን ለጊዜው ስለሚገፋ የፈሰሰው ነገር ለጥቂት ቅጽበት ጠብታ ሆኖ ይቆማል፤ ያኔ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ከመጠጡት ይተርፋሉ። እንግዳ እያጫወቱ ከዘገዩ ግን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጅበታል። የሽንት ነገር በተለይ ከባድ ነው። ቶሎ መጥጠው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው፣ በውሃ የቀጠነ ነጭ አቼቶ ካላሳለፉበት ሽታው ዝናብ ባካፋ ቁጥር ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የአልጫ ወጥ ነው። እርድ ከጥንት ጀምሮ ሱፍ ማቅለሚያ ነው፤ ስለዚህ አልጫ የሱፍ ምንጣፍ ላይ ሲደፋ ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን ቀለም ሆኖ ነው የሚቀረው።

ሱፍ ላይ ሁለት ነገር አይደረግም። አንደኛው በረኪና ነው፤ በረኪና ሱፍን ከማንጣት አልፎ ክሩን ራሱን ያሟሟዋል። ሁለተኛው በሙቅ ውሃ ማሸት ነው፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ባርኔጣ ይደድራል፣ ምንጣፉም ይኮማተራል። ሰፈር እየዞሩ ምንጣፍ የሚያጥቡ ልጆች ብዙዎቹ ለሁሉም ምንጣፍ አንድ ባልዲና አንድ ዱቄት ሳሙና ነው የሚጠቀሙት፤ የሱፍ ከሆነ ቆመው ያሳጥቡ። የሚታጠበውም በበጋ ነው። ክረምት ላይ የታጠበ ወፍራም ምንጣፍ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል፤ ጀርባው ጁት ከሆነ ደግሞ ይበሰብሳል።

አቧራ፣ አስምና ብል

«ሱፍ አስም ያስነሣል» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። እኔም የእማዬን ምንጣፍ ሳባርር ይህን እንደ ማስረጃ ተጠቅሜበታለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው አስም የሚቀሰቅሰው ክሩ ሳይሆን ክሩ ውስጥ የተኛው አቧራና በዓይን የማይታዩት የአቧራ ነፍሳት የሚጥሉት ኩስ ነው። እነሱ ደግሞ ሱፍም ሆነ ፕላስቲክ ብለው አይመርጡም፤ የሚፈልጉት እርጥበትና ከሰው ገላ የሚረግፍ ቅርፊት ነው። የታፈነ፣ እርጥብ፣ ሳይራገፍ የከረመ ምንጣፍ ከምንም ይሠራ ከምን ለአስማም ልጅ ጠላት ነው። በሳምንት አንድና ሁለት ቀን በቫኪዩም መምጠጥ፣ ቫኪዩም ከሌለ ግቢ አውጥቶ ገመድ ላይ ሰቅሎ በዱላ መምታትና ጀርባውን ለፀሐይ መስጠት ያስፈልጋል። የሚመታው ሰው አስማሙ ልጅ ወይም ሳል ያለባቸው አያት መሆን የለባቸውም። አስሙ ጠንከር ያለ ልጅ ካለ ደግሞ ከሁለቱም ምንጣፍ የሚሻለው በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ባዶ ወለል ነው። የምንጣፍ ጽሑፍ ላይ ይህን መጻፍ ግር ይላል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አዲስ የሱፍ ምንጣፍ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ፀጉር ይጥላል። በፈትሉ ጊዜ አጥረው የቀሩ ክሮች ናቸው፤ እየቆየ ይተዋል። አዲስ የፋብሪካ ምንጣፍ ደግሞ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው፤ በአብዛኛው ከጀርባው ሙጫ የሚመጣ ነው። ሕፃን ከማስተኛትዎ በፊት በረንዳ ላይ ለጥቂት ቀን ዘርግተው ያናፍሱት። በበጋ የበር እጀታ ስንነካ የሚነዝረን ነገርም በደረቅ አየር ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ስንራመድ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ልጆቹ እንዲያውም ይጫወቱበታል።

ሱፍን የሚያሸንፈው ብል ነው። የብል ትል ኬራቲን ይበላል፤ ፕላስቲክ አይበላም። የሚበላውም እግርና ብርሃን በማይደርስበት፣ ከሶፋ ሥርና ከቁም ሣጥን ኋላ ነው። የሱፍ ምንጣፍ ያለው ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሶፋውን አንሥቶ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ጠርጎ፣ ፀሐይ ማስመታት አለበት። እኔ የእማዬን ምንጣፍ ጠቅልዬ ጨለማ ዕቃ ቤት ሳስገባው ለብል ድግስ እያዘጋጀሁ እንደነበር አላወቅሁም።

ናፍታሊን የምንላትን ነጭ እንክብል ግን ልጅ ባለበት ቤት ምንጣፍ ሥር አትበትኑ። ከረሜላ ትመስላለች፤ ከተዋጠች ደግሞ መርዝ ናት። በትውልድ በደማቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን እስከማፈራረስ ትደርሳለች። ፀሐይና ብሩሽ ይበቃሉ።

አዛውንት ያሉበት ቤት

አጭር ነው፤ ግን አይዘለል። ቀላል የሰው ሠራሽ ምንጣፍ ሴራሚክ ላይ እንደ በረዶ ይንሸራተታል። የሱፍ ምንጣፍ በክብደቱ ቦታውን ይይዛል፤ ዳሩ ከተገለበጠ ግን እሱም ያደናቅፋል። ሁለቱም ሥር መንሸራተት የሚከለክለው የጎማ መረብ መነጠፍ አለበት። ምርኩዝ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ፀጉረ ረጅም ምንጣፍ ምንም ቢለሰልስ ጥሩ አይደለም፤ ምርኩዙ ይሰምጣል፣ እግርም ይያዛል። የሰባ ዓመት ሰው ሲወድቅ የሚሰበረው የዳሌ አጥንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን በቤታችን አይተነዋል።

ከመግዛትዎ በፊት

መለያ ጨርቁን ያንብቡ፤ ከጠፋ ወይም ካላመኑት ምንጣፉ ራሱ ይናገራል። ከጀርባው ጥግ አንድ ክር እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ያም መልስ ነው። ቤት ወስደው፣ ልጆችን አርቀው፣ ክሩን በወረንጦ ይዘው የብረት ሳህን ላይ በክብሪት ይለኩሱት። የበግ ፀጉር ከሆነ እየተግደረደረ ይነዳል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ቅሪቱም በጣት ይደቅቃል። ጥጥና ጁት እንደ ወረቀት ይሸታሉ፤ አመዳቸው ግራጫና ቀላል ነው። ሰው ሠራሽ ከሆነ ከእሳቱ ሸሽቶ ይጨማደዳል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ያቺን ዶቃ ሳትቀዘቅዝ እንዳይነኳት።

ፖሊፕሮፒሊን መሆኑን ለመለየት ሌላ ቀላል መንገድ አለ። ክሩን በሳሙና ውሃ በደንብ አርሰው አየሩን ካስወጡ በኋላ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጣሉት። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ሱፍ፣ ናይሎንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ።

በእጅ የተሠራውን ከማሽኑ ለመለየት ገልብጠው ይዩት። በእጅ ሲሠራ ስዕሉ ጀርባውም ላይ እንደ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የድርና ማጉ አለመተካከልም ይታወቃል። ጀርባው በሙጫና በሌላ ጨርቅ ከተሸፈነ ግን የማሽን ሥራ የመሆኑ ነገር ይበዛል። ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ጨርቅ አርሰው ይሹት። ፀጉሩን በአውራ ጣት አጥብቀው ተጭነው ይልቀቁትና ይዩ። ሱፍና ናይሎን ቀና ይላሉ፤ ርካሹ ፖሊፕሮፒሊን እንደተኛ ይቀራል። መተላለፊያው ላይ በዓመቱ የሚታየውን መንገድ አሁኑኑ አዩት ማለት ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪደርሳችሁ ይለወጣል። የሱፉ የሚወደድ መሆኑ ግን የታወቀ ነው። ከዕድሜው ጋር ሲተያይ ግን ነገሩ ይቀየራል። በ1949 የሶቪየቱ አርኪዮሎጂስት ሰርጌ ሩደንኮ በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ቦታ ከአንድ መቃብር በረዶ ውስጥ ያወጣው የሱፍ ምንጣፍ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ቀለሙ ሳይቀር ይታይ ነበር፤ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ ነው። በረዶው ረድቶታል እርግጥ ነው። የሰው ሠራሹን ነገር ደግሞ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው በከረመ «ማዳበሪያ» መገመት ይቻላል፤ ሲነኩት እየተፈረፈረ እጅ ላይ ይቀራል። ያ ፍርፋሪ አፈር ውስጥ ገብቶም አይበሰብስም።

የመንዝ በግ ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። የመንዝ ብርድ የታወቀ ነው፤ በጉም እንደ ብርዱ ፀጉሩ ሻካራ ነው። ባናውና በርኖሱ ከዚያ የወጡ ናቸው። ሻካራነቱ ለሹራብ አይመችም፤ አንገት ይበላል። ለምንጣፍ ግን የሚፈለገው ይኸው ሻካራው ፀጉር ነው፤ ለስላሳው ሱፍ ወለል ላይ ሲረገጥ ቶሎ ያልቃል። ነጩ፣ ቡናማውና ጥቁሩ በጉ ይዞት የተወለደው ቀለም ስለሆነ የሚለቅ ነገር የለውም። ደብረ ብርሃን በኩል የሚሠሩትን ምንጣፎች አዲስ አበባ የባህል ዕቃ መሸጫዎች ዘንድ ማግኘት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቱሪስት ነው የሚገዛቸው።

እኛ ቤት አሁን

ክሬሙ ምንጣፍ አልተጣለም። ልጆቹ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወተት ይደፋበታል፣ ይሸናበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠባል። ለዚያ ሥራ ከሱ የሚሻል የለም፤ እሳት የሚባል ነገር ደግሞ ወደዚያ ክፍል አይገባም። ምግብ ጠረጴዛው ሥር ምንም የለም፤ ባዶ ሴራሚክ ነው። ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ምድጃው ሰፊ የቆርቆሮ ትሪ ላይ ይቀመጣል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ትንሿ ደግሞ እስክታድግ ድረስ የሆነ ሰው ጭን ላይ ናት።

የእማዬ ምንጣፍም ከዕቃ ቤት ወጥቷል። ስንዘረጋው አንዱን ጥግ፣ የአንበሳውን ጅራት ጫፍ፣ ብል በልቶት አገኘነው። እኔ አፍሬ መሬት መሬት ሳይ እማዬ ፈትል አስመጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጠች ጠገነችው። ጅራቱ ከበፊቱ ትንሽ ወፍሯል፣ ቀለሙም ጠቆር ብሏል።

ባለፈው እሑድ ደግሞ አንዲት ፍም ከትሪው አልፋ አንበሳው ትከሻ ላይ አረፈች። ሁላችንም ዘለን ተነሣን። እማዬ በማንኪያ አነሣቻት፣ ትንሽ ጠብቃ በመዳፏ ደባበሰችው፣ ጥላሸቱን ወደ ትሪው አራገፈችና «ስምንት» አለች። ከዚያ ቶናውን መቅዳት ጀመረች።